የአትላንቲስ ሽኝት

የቢምቢ መከላከያ ቅባት ሽታ ቆላ ያደገን ሰው መተሐራ ወይም አርባ ምንጭ ይወስደው ይሆናል። እኔን የሚወስደኝ ፍሎሪዳ ነው። ባለፈው ሰመር፣ እዚህ ቨርጂኒያ፣ ጎረቤቴ ልጆቹን ደረጃው ላይ ደርድሮ ክንድ ክንዳቸውን ሲቀባ ሽታው አጥሩን ተሻግሮ መጣ። የጨው ውሃው፣ የረግረግ ሣሩና የናፍጣ ጭሱ ተከትለውት መጡ። ከዚያ ጋሼ መጡ፤ ባጃቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ የሸሚዛቸውን እጅጌ እስከ አንጓቸው ቆልፈው፣ "ተቀቡ እንጂ ልጆች፤ የዚህ አገር ቢምቢ እንግዳ አያከብርም" እያሉ።

ጋሼ የሥጋ ዘመዴ አይደሉም። ኦርላንዶ በምኖርበት ጊዜ እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ለእኛ ለአዲስ መጪዎቹ እናትም አባትም ነበሩ። ቤታቸው ታይተስቪል ነው። ከኬኔዲ የጠፈር ማዕከል ኢንዲያን ሪቨር የሚባለው ሰፊ ውሃ ብቻ የሚለያት ትንሽ ከተማ ናት። ሥራቸው ታይል መለጠፍ ነበር፤ የቤት ወለል ላይ ሳይሆን የጠፈር መንኮራኩር ገላ ላይ።

ያ ጊዜ ትዝ ሲለኝ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው የሮኬቱ እሳት አይደለም፤ የጠጠር ድምፅ ነው።

ግንቦት 23 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 2011፣ አትላንቲስ ከመገጣጠሚያው ሕንፃ ወጥታ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ማስወንጨፊያው የምትጓዝበት ምሽት ነበር። ለሠላሳ ዓመት ወደ ጠፈር ሲመላለሱ የኖሩት መንኮራኩሮች በእሷ በረራ ሊያበቁ ነው። ሠራተኞች ቤተሰቦቻቸውን ይዘው እንዲያዩ ስለተጋበዙ ጋሼ እኔንም ከቤተሰብ ቆጥረው ወሰዱኝ።

ሕንፃው ገና ከውሃው ወዲህ ማዶ ሆነህ ይታይሃል። 160 ሜትር ከፍታ አለው። በዙሪያው ከረግረግና ከዘንባባ በቀር የሚለካካው ነገር ስለሌለ ግን ዓይን ይታለላል፤ ደረስን ስትል ገና ነህ። ሥሩ ስትቆም ነው መጠኑ የሚገባህ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ ሰውን ጨረቃ ያደረሰው ሳተርን 5 ሮኬት እንደ ቆመ እንዲገጣጠምበት ተብሎ የተሠራ ነው። በሮቹ ብቻቸውን 139 ሜትር ይረዝማሉ፤ አንዱን ከፍቶ ለመጨረስ 45 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ውስጡ ቀና ብዬ ጣሪያውን ስፈልግ ወፎች ሲዞሩ አየሁ፤ ከታች ሆኖ ለሚያያቸው ከነጥብ አይበልጡም ነበር።

ከምሽቱ 2፡42 ላይ "ተንቀሳቀሰች" ሲሉ ሰማሁ። ለእኔ አልታየኝም። ጋሼ ትከሻዬን ይዘው ከአንድ የመብራት ምሰሶ ትይዩ አቆሙኝና "ክንፏንና ምሰሶውን እያስተያየህ ጠብቅ" አሉኝ። ጠበቅሁ። ክንፏ ቀስ ብሎ ከምሰሶው ኋላ ገባ፤ ቀስ ብሎ ወጣ። አትላንቲስ ከብርቱካንማው የነዳጅ ታንክና ከሁለቱ ነጫጭ ሮኬቶቿ ጋር ቀጥ ብላ ቆማ፣ በኃይለኛ መብራት ተከባ እየሄደች ነው። ከሥሯ የተሸከማት ማሽን ብቻውን 2,700 ቶን ይመዝናል፤ የሚሄደው በስምንት ሰንሰለት ነው፣ የሰንሰለቱም አንዲት ጫማ 900 ኪሎ ናት። ጭነት ሲይዝ ፍጥነቱ ቢበዛ በሰዓት 1.6 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ደግሞ አስፋልት አይደለም፤ ከአላባማ ወንዞች የመጣ ድብልብል ጠጠር ነው የተነጠፈበት። ሰንሰለቱ ሲረግጠው ጠጠሩ እየተፈጨ የሚያሰማው ድምፅ ከናፍጣ ሞተሮቹ ጉርምርምታ በላይ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል። ደንደን ያለ፣ የማያቋርጥ፣ ወደ እግር ጫማ የሚዘልቅ ድምፅ ነው። እስከ ማስወንጨፊያው ያለው መንገድ 5.5 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለዚያ ሌሊቱ በሙሉ ያስፈልጋታል።

ዙሪያዬን የቆሙት ሰዎች ነገረ ሥራ ነው ይበልጥ የገረመኝ። ሁሉም በጣት ያሳያሉ። አንዱ የልጅ ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ የክንፉን ጠርዝ ያሳየዋል። አንዲት ሴትዮ ለባሏ የጎማ መውጫውን በር ታሳየዋለች። ሌላው የጭራዋን ሥር። ከሩቅ አንድ ወጥ የምትመስለው መንኮራኩር እዚያ መካከል ስትቆም ለብዙ ሺህ ሰዎች የተከፋፈለች ሆና ትታያለች፤ እያንዳንዱ የራሱ የሆነች ስንዝር ቦታ አለችው። ጋሼ ወደ ሆዷ ጠቆሙኝ። ከጥቁረት በቀር ምንም አልለየሁም። እሳቸው ግን እያዩ ነበር።

አንዲት መንኮራኩር ወደ 24,000 የሚጠጉ ታይሎች ነበሯት። የሚሠሩት ከንጹሕ አሸዋ ከሚገኝ የሲሊካ ክር ነው፤ ይዘታቸው 90 በመቶ አየር ነው። ወደ ምድር ስትመለስ ሆዷ ከ1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ ከታይሉ ሥር ያለው ገላ ደግሞ የእዚያን ሩብ እንኳ የማይችል አልሙኒየም ነው። ታይሎቹ በቅርጽም በውፍረትም ይለያያሉ፣ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር ተጽፎበታል። መጀመሪያ ታይሉ በሚለጠጥ ሙጫ ቀጭን፣ የተጠቀጠቀ ሱፍ የመሰለ ጨርቅ ላይ ይለጠፋል፣ ጨርቁ ደግሞ ገላዋ ላይ። ተጭኖ ይቆያል። በሁለት ታይሎች መካከል ያለው ክፍተት ይለካል። ከዚያ መያዙን ለማረጋገጥ ተስቦ ይፈተናል። ከእያንዳንዱ በረራ በኋላ ደግሞ ውሃ እንዳይጠጡ፣ ሕፃን እንደሚከተብ ሁሉ፣ አንድ በአንድ መድኃኒት ይወጋሉ። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ እጃቸው አብሮ ይሠራ ነበር። አውራ ጣታቸው በአየር ላይ የማላየውን ጠርዝ ይዳብሳል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል።

በአንድ የቤተሰብ ቀን አንድ ባለሙያ የታይል ቁራጭ እሳት ውስጥ ከቶ፣ ፍም ሲመስል አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። መሐሉ ገና እየቀላ ነበር። ጋሼ እጃቸውን ሰደው በሁለት ጣት ጥግና ጥጉን ይዘው አነሱት። እትዬ "ኧረ በስመ አብ!" ብለው ጮኹ። ጠርዙ በሰከንዶች ውስጥ ይቀዘቅዛል፤ ሙቀቱን ውስጡ ይዞ ነው የሚቀረው። ቀጥሎ ያልጋለውን ለእኔ ሰጡኝ። ምንም አይከብድም። እጄን ዘርግቼ ሳለሁ የያዝኩ የያዝኩ አልመሰለኝም።

ናሳ የሠራ ኢትዮጵያዊ ሲባል ሁላችንም አፍ ላይ የሚመጣው የዶክተር ቅጣው እጅጉ ስም ነው፤ ይገባዋልም። የጋሼን ስም የሚያውቀው የታይተስቪል ሐበሻና የሥራ ባልደረባ ብቻ ነው። የደብረ ዘይት ልጅ ናቸው። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ የአሜሪካው ስሚዝሶኒያን ሳተላይት የሚከታተልበት ቤከር-ነን የሚባል ትልቅ ካሜራ ደብረ ዘይት ላይ ነበረው። "ፈረንጆቹ ሌሊት ሌሊት ሰማዩን ፎቶ ያነሳሉ ይባል ነበር፤ እኛም ምን ሊያገኙ ነው እያልን ቀና ብለን እናይ ነበር" ይሉ ነበር ጋሼ። ከዚያ አየር ኃይል ገብተው የአውሮፕላን መካኒክ ሆኑ። ከዚያ አብዮት፣ ሱዳን፣ አሜሪካ። ይህን ክፍል ሲያወሩ ሁልጊዜ ሮጥ ያደርጉታል። ቀስ የሚሉት እንደገና መፍቻ እጃቸው የገባበት ዘመን ላይ ሲደርሱ ነው፤ ቻሌንጀር እ.ኤ.አ. በ1986 ከፈነዳች በኋላ መንኮራኩሮቹ ዳግም ለበረራ ሲሰናዱ ነው የተቀጠሩት።

ወደዚያ ሌሊት ልመለስ። ከጠጠሩ መንገድ ወደ ቤት ስንመለስ እትዬ ሻይ አፍልተው ጠበቁን። ማንም ወደ አልጋው አልሄደም፤ በዚያው ሌሊት ሌላዋ መንኮራኩር፣ ኢንደቨር፣ የመጨረሻ ጉዞዋን ጨርሳ ትመለሳለችና። አንዷ እየወጣች አንዷ እየገባች። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ መስኮቱ ድው፣ ድው ብሎ ተርገበገበ። መንኮራኩር ከድምፅ ፈጥና ስትመጣ ቀድማ የምትልከው መልእክት ነው፤ ሁልጊዜ ሁለት ነው። ጋሼ የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጡና "ተመስገን፤ ገባች" አሉ። ትንሽ ቆይተው "ያን ቀን ይሄ ድምፅ ቀረ" አሉ።

ስለ ኮሎምቢያ ሲናገሩ የሰማኋቸው ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰባት ጠፈርተኞች ይዛ ልትገባ የቀራት 16 ደቂቃ ነበር። ሁሉም ጆሮውን አቁሞ ሁለቱን ድምፅ ይጠብቃል። ሰዓቱ ደረሰ፤ አለፈ። "ቴሌቪዥን ከመናገሩ በፊት ነው ያወቅነው" አሉ። ስትነሳ ከነዳጅ ታንኳ ላይ የተገነጠለ አረፋ የግራ ክንፏን ጠርዝ መትቶት ኖሮ፣ ስትመለስ እሳቱ በዚያ ቀዳዳ ገባ።

ከኬኔዲ ሠራተኞች ብዙዎቹ ቴክሳስ ሄዱ፤ ጋሼም ሄዱ። በጥድ ጫካና በረግረግ ውስጥ ሰው ከሰው ክንድ ለክንድ ተራርቆ፣ በመስመር፣ መሬት መሬቱን እያየ ይሄዳል። በዚያ ፍለጋ 25,000 ያህል ሰው ተሳትፏል። ወደ 84,000 ስብርባሪ ተለቀመ፤ ከመንኮራኩሯ ክብደት 38 በመቶው ብቻ ነው የተገኘው። ያ ሁሉ ኬኔዲ ተመልሶ በአንድ ሃንጋር ወለል ላይ፣ በመስመር በተከፋፈለ ቦታ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ በነበረበት አቅጣጫ ተዘረጋ። ጋሼ አንድ ታይል አነሱ። ግማሹ ቁጥር ተቃጥሏል፣ ግማሹ ይነበባል። የቀረውን ሳያዩት አወቁት። "በእጄ የለጠፍኩት ነው፤ ገላዋ ሲሄድ እንኳ አልለቀቀም። ምን እንደምሰማ አላወቅሁም፤ ደስታ እንዳልል ደስታ አይደለም" አሉኝ። እትዬ ከጀርባቸው ቆመው ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉላቸው። እሷ፣ ኮሎምቢያ፣ ዛሬም እዚያው መገጣጠሚያው ሕንፃ ውስጥ፣ 16ኛ ፎቅ ላይ ናት። ሊያጠና የፈለገ ተመራማሪ ቁራጮቿን ይዋሳል።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ስለ ሮኬት ያለኝ ስሜት ተለውጧል። ልጅ ሆኜ ሮኬት ማለት እሳትና ቁጥር ነበር፤ አሥር፣ ዘጠኝ፣ ስምንት። ከዚያ ወዲህ ግን ሰው "ናሳ እንዲህ አደረገ" ሲል ከሰማሁ ማን እጅ ላይ እንዳለፈ እጠይቃለሁ።

ቦታው ራሱ ብዙ ይነገርለታል። ያ ሁሉ ቴክኖሎጂ የተተከለው በዱር እንስሳት መጠለያ መካከል ነው። ከመንገዱ ዳር ባለው ቦይ አዞ ተጋድሞ ታያለህ፣ የመብራት ምሰሶ ላይ ንስር ጎጆ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1995 ግንደ ቆርቁር ወፎች የሌላዋን መንኮራኩር፣ የዲስከቨሪን፣ ታንክ አረፋ ዛፍ መስሏቸው ወደ 200 ጉድጓድ ቆፈሩበትና በረራዋ ተራዘመ። መንኮራኩሯ ለጥገና ወደ ሕንፃው ተመለሰች፤ ከዚያ ወዲያ ወፎቹን ለማስፈራራት የፕላስቲክ ጉጉት ተሰቀለ። ጋሼ ይህን ታሪክ ይወዱታል፤ ሲነግሩት ሁልጊዜ ወፏን ይደግፋሉ።

ሐምሌ 1 ቀን፣ የመነሻዋ ዕለት፣ ሌሊት ነው የተነሳነው። የሠራተኛ ቤተሰቦች የሚያዩበት በውሃው ላይ የተሠራ መንገድ ከማስወንጨፊያው 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በአካባቢው ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ይመጣል ተብሎ ተገምቷል፤ ታይተስቪል በመኪና ታፍና ነበር። ሰማዩ ደመና ነው፤ የመነሳት ዕድሏ 30 በመቶ ብቻ ነው ተብሏል። ዕለቱ ዓርብ ነው፣ የሐዋርያት ጾምም ገና አልተፈታም፤ እትዬ ንፍሮና ዳቦ ይዘው መጥተዋል። በመቆጣጠሪያው ክፍል ያሉት ከእያንዳንዱ መነሳት በኋላ ባቄላና የበቆሎ ዳቦ የመብላት የቆየ ልማድ አላቸው። እትዬ ይህን ከሰሙ ጀምሮ ለመነሻ ቀን ንፍሮ ሳይቀቅሉ ቀርተው አያውቁም። "እነሱም እኛም ጥሬ ነው የምንበላው" ይላሉ።

ጋሼ ጨዋታ አይፈልጉም ነበር። የመኪናውን በር ከፍተው ሬዲዮውን ከፍ አድርገው ተደግፈው ቆሙ። 31 ሰከንድ ሲቀር ቆጠራው ቆመ። ያ ሁሉ ሕዝብ ባንዴ ዝም አለ። ከታንኩ ጫፍ ላይ የሚነሳው ክንድ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ መመለሱ አልተረጋገጠም ነበር፤ በካሜራ አይተው ሲያረጋግጡ ጥቂት ደቂቃ አለፈ። ጋሼ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጸሎት ይሁን የሥራ ዝርዝር አላውቅም።

በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5፡29 ነበር። ከአድማሱ ነጭ ጭስ ወደ ግራና ቀኝ ፈነዳ። እንፋሎትም እንዳለበት አውቃለሁ፤ ድምፁ ራሱ መንኮራኩሯን እንዳይጎዳት ከ1 ሚሊዮን ሊትር በላይ ውሃ በሰከንዶች ውስጥ ይለቀቅበታል። ከዚያ እሳቱ ወጣ፤ ዓይን የማይችለው ቢጫ። ድምፅ የለም። ግማሽ ደቂቃ ያህል በጸጥታ ወጣች። ከዚያ ድምፁ በውሃው ላይ ደረሰ፤ ውሃው ላይ ያሉት ወፎች ባንዴ ተነሱ፣ የሸሚዜ ደረት ተንቀጠቀጠ፣ የመኪናው መስታወት አብሮ። እኔ ይህን ሁሉ ሳልጠግብ ደመናው ውጧት ነበር። ጥላዋ ደመናው ላይ ተጋድሞ ቀረ።

ሰዎች ያለቅሳሉ፣ ይተቃቀፋሉ። ጋሼ ሰዓታቸውን እያዩ ነበር። 73 ሰከንድ ሲሞላ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ቻሌንጀር የደረሰችው እስከዚያ ነበር። ሁለት ደቂቃ አልፎ ሁለቱ ሮኬቶች በሰላም እንደተለዩ ሬዲዮው ሲናገር ነው ኮፍያቸውን ያወለቁት። እትዬ ንፍሮውን በሳህን አቀረቡ። አጠገባችን ለቆሙት፣ የመንኮራኩሯን ጎማ ይንከባከቡ ለነበሩ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅም ደረሳቸው፤ በመዳፋቸው ተቀብለው ቆመው በሉ።

አትላንቲስ ሐምሌ 14 ቀን ገና ሳይነጋጋ፣ ሁለቱን ድምፅ አሰምታ፣ በሰላም ገባች። በማግስቱ ለብዙ ሠራተኞች የመጨረሻ የሥራ ቀናቸው ነበር። ጋሼም ባጃቸውን አስረከቡ። አስቀድሞ የተነገረ ነገር ነው፤ ድንገት የመጣ አልነበረም። ግን ታይተስቪል ላይ ከዚያ በኋላ "ቤት ለሽያጭ" የሚል ሰሌዳ በየደጁ ሲተከል አይቻለሁ። በየወሩ ለሥንብት እንሰበሰብ ነበር፤ አንዱ ቴክሳስ፣ አንዱ ሲያትል። ጋሼ ስድሳ እየተጠጉ በሆቴል የአየር ማቀዝቀዣ ጥገና ሥራ ያዙ። ያ እጅ። ይህን ስጽፍ ዛሬም ይቆጨኛል። መንኮራኩሮቹ መቆማቸው ትክክል አልነበረም አልልም፤ ውድ ነበሩ፣ 14 ሰው በልተዋል። የሚቆጨኝ ሌላ ነው፦ አንድን ታይል ዳብሶ መያዙን የሚያውቅ አውራ ጣት በሃያ ምናምን ዓመት የተገነባ ነው፤ እሱ የሚቀመጥበት መደርደሪያ አልነበረም።

መንኮራኩሯማ ቦታ አግኝታለች። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አትላንቲስ በኬኔዲ የጎብኚዎች ማዕከል ለሕዝብ ቆማለች፤ 33 ጊዜ የበረረችው አትላንቲስ ልክ ጠፈር ላይ እንዳለች በአንድ ጎኗ ዘንበል ብላ፣ የዕቃ ክፍሏን በር ከፍታ ተንጠልጥላለች። ወደ ቨርጂኒያ ከተዛወርኩ በኋላ ለጥየቃ ስሄድ ጋሼ ወሰዱኝ። ሙዚየሙ ቀዝቃዛ ነው፣ ወለሉ ያበራል፣ ልጆች ይሯሯጣሉ። የሚሸት ነገር የለም። ናፍጣውም፣ ሙጫውም፣ ረግረጉም ውጭ ቀርቷል። ታይሎቹ ላይ ያለው የእሳት ጠባሳ ግን እንዳለ ነው፤ ነጭና ግራጫ ጅረት ወደ ኋላ ሄዷል። ጋሼ ከሆዷ ሥር ቆመው አንገታቸውን ቀልብሰው ለረጅም ጊዜ አዩ። አንድ ልጅ አጠገባቸው መጥቶ እሳቸው የሚያዩትን ለማየት ቀና አለ። "ያቺ ጠርዟ የጠቆረው ትታይሃለች? ከእሷ ሁለት ወደ ግራ ቁጠር" አሉት በእንግሊዝኛ። ልጁ ቆጠረ። "እሷን የለጠፍኳት እኔ ነኝ።" ልጁ አንዴ ታይሏን አንዴ እጃቸውን አየ።

አትላንቲስ የተነሳችበት 39ኤ የሚባለው ማስወንጨፊያ፣ አፖሎ 11ም የተነሳበት ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ለስፔስ ኤክስ ተከራይቷል። አሁን በዚያ ዳርቻ አንዳንድ ሳምንት ሁለትና ሦስት ሮኬት ይነሳል፤ ፋልከን የሚባለው ሮኬታቸው ሲነሳ ታይተስቪል ላይ ቡና የሚጠጣ ሰው ሲኒውን አያስቀምጥም። ሮኬቱ ደግሞ ተመልሶ በእግሩ ይቆማል። ጋሼ አይቀኑም፤ መጀመሪያ ሲመለስ ያዩ ዕለት ደውለውልኝ "ሠሩት እኮ፤ ተመልሶ ቆመ!" ብለው እንደ ልጅ ነው የተደሰቱት። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1ን ከቻይና ታይዩዋን ስታስወነጭፍ ደግሞ እንጦጦ ላይ ተሰብስበው የሚያዩትን ሰዎች በስልክ ቪዲዮ አብረን ተመለከትን። ሳተላይቷ 70 ኪሎ ገደማ ናት። ጋሼ ያሳሰባቸው ሌላ ነበር፤ "ከልጆቻችን መካከል ስትገጣጠም እጁን ያስገባ አለ?" አሉኝ። መሐንዲሶቻችን ከቻይኖቹ ጋር እንደሠሩ ነገርኳቸው። "እሱ ነው ቁም ነገሩ" አሉ።

ኅዳር 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሌሊት የናሳ ግዙፍ የጨረቃ ሮኬት፣ የአርጤምስ ፕሮግራም የመጀመሪያው፣ ከጎረቤቱ 39ቢ ሊነሳ ሲጠበቅ ጋሼ ታይተስቪል፣ እኔ ቨርጂኒያ ሆነን ስልኩን ሳንዘጋ እናያለን። ከዚያ ቀደም በሃይድሮጅን ፍንጥቅታና በሌሎች ምክንያቶች በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ያን ሌሊትም ነዳጅ ከተሞላ በኋላ አንድ ቫልቭ ማፍሰስ ጀመረ። ሃይድሮጅን ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ የሚቀዘቅዝ፣ በትንሽ ብልጭታ የሚያያዝ ነገር ነው፤ በዚያ ሰዓት ማንም ሰው ወደ ሮኬቱ አይጠጋም። ሦስት ቴክኒሻኖች ተላኩ። መፍቻ ይዘው፣ ነዳጅ የሞላ 98 ሜትር ሮኬት ሥር ገብተው የቫልቩን ብሎኖች አጠበቁ። ፍንጥቅታው ቆመ። ከሌሊቱ 7፡47 ላይ ተነሳ።

ጋሼ ስለ እሳቱ አንድም ቃል አልተናገሩም። "ሮኬቱ ሲሞላ ያቃስታል፤ ብረቱ በብርዱ እየተኮማተረ ይጮኻል። ሥሩ ገብተህ ስትሰማው ሕይወት ያለው ነገር ነው የሚመስልህ" አሉ። መፍቻው በጓንት እንዴት እንደሚያዝ፣ ብሎን ሲጠብቅ የት ላይ ማቆም እንዳለብህ እጅ እንዴት እንደሚያውቀው፣ አልፈህ ካጠበቅኸው የባሰ እንደሚያፈስ አስረዱኝ። እኔ ስልኬ ላይ ዜናውን እየፈለግሁ ነበር። "የልጆቹን ስም ጽፈዋል?" አሉኝ። ጽፈዋል አልኳቸው። "ቀስ ብለህ ንገረኝ፣ እስክሪብቶ ላምጣ።" እትዬን ሲጠሩ፣ መሳቢያ ሲከፈት ተሰማኝ። ትሬንት አኒስ። ቢሊ ኬርንስ። ቻድ ጋሬት። የእያንዳንዱን ፊደል እያስደገሙኝ ጻፉ።